ፒክአፕ ለመቀየር ያሰበ ጊታሪስት ምን ይወቅ?

የዛሬው ዝግጅታችን ለኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾችና ጊታር ለሚጠግኑ ባለሙያዎች ነው። የጊታራቸው ድምፅ አላረካ ብሏቸው «ፒክአፑን ልቀይረው ይሆን?» እያሉ የሚያሰላስሉ ብዙ ወጣቶች አሉ። ዕቃው ርካሽ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ድምፅ ላሰማችሁ።

(ጊታር፦ በትዝታ ቅኝት አጭር ዜማ፣ በብሪጅ በኩል ባለው ፒክአፕ)

ይህ የመጀመሪያው ነው። አሁን ያንኑ ዜማ በዚያው ጊታር፣ በዚያው ፒክአፕ እደግመዋለሁ። የቀየርኩት ከጊታሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን ገመድ ብቻ ነው። 3 ሜትር የነበረውን ነቅዬ የ10 ሜትር ሰክቻለሁ።

(ጊታር፦ ያው ዜማ)

ሁለተኛው ደብዘዝ እንዳለ ሰማችሁ? የቀጫጭኖቹ ክሮች ጥራት ቀንሷል፤ ክሩ ሲመታ የሚሰማው «ጠቅ» የሚል ነገር ለስልሷል። ፒክአፑን አልነካሁትም፤ ግን ሌላ ፒክአፕ የገጠምኩ ነው የሚመስለው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፒክአፑ ጥቅል ሽቦ፣ ቮሊዩሙ፣ ቶኑ፣ ካፓሲተሩ፣ ጃኩና ገመዱ ተያይዘው አንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ይሠራሉ። ጆሯችን የሚሰማው የዚህን ዑደት ድምፅ እንጂ የፒክአፑን ብቻ አይደለም። ፒክአፕ መምረጥ ማለት የዑደቱን አንድ ክፍል መምረጥ ነው። የቀረውን ሳያውቅ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ብዙ ከፍሎ ትንሽ ለውጥ ሊያገኝ ይችላል፤ የሚያውቅ ደግሞ አንዳንዴ በጥቂት ብር ካፓሲተር የልቡን ያደርሳል።

እስቲ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንየው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 ያሳየው ሕግ ነው መሠረቱ፦ በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል ሲለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በጊታር ላይ ማግኔቱ የብረቱን ክር ያመገንተዋል፤ ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱ ኃይል ይለዋወጣል፤ ጥቅሉም ያንን ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። ይህን በጊታር ላይ ሠርቶ ለገበያ ያበቃው ጆርጅ ቦሻምፕ ነው። በ1931 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመጀመሪያውን ናሙና ሠራ፤ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ በ1932 ለሽያጭ አቀረበው፤ የፈጠራ መብቱ የጸደቀለት ግን በ1937 ነው።

ክሩ የግድ ብረት መሆን ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። ክራር ለሚጫወቱ አድማጮቻችንም ይህ ጠቃሚ ነው፦ የብረት ክር የተገጠመለት ክራር በማግኔት ፒክአፕ ይሰማል፤ ጅማት ወይም ናይለን የተወጠረበት ግን በዚህ ዓይነት ፒክአፕ ምንም አያሰማም። ለእሱ እንቅስቃሴውን ከእንጨቱ የሚቀበል ፒዬዞ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፒክአፕ ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ለራሱ የሚጠይቀው «የቱ ፒክአፕ ነው ጥሩ?» ብሎ መሆን የለበትም። «በኔ ጊታር ድምፅ ላይ ምኑ ነው የሚያስቸግረኝ?» ይበል። መልሱንም በወረቀት ላይ ይጻፈው። ሾሏል? ታፍኗል? ኃይል የለውም? እም... የሚል ጩኸት አለው? እያንዳንዱ ችግር የየራሱ መድኃኒት አለው፤ አንዳንዱም ፒክአፕ ጭራሽ አይፈልግም።

ከከፍታው እንጀምር። ፒክአፑ በግራና በቀኝ በሁለት ብሎኖች ተንጠልጥሎ ነው ያለው፤ በካቻቢቴ ከፍም ዝቅም ይላል። አብዛኛው ጊታር ከሱቅ እንደወጣ ማንም ሳይነካው ዓመታት ይቆያል። አሁን ጊታር በእጃችሁ ካለ፣ እንዲህ አድርጉ። ወፍራሙን ክር በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑት። እንደተጫናችሁ፣ ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ ጫፍ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። እንደ ፌንደር ስትራቶካስተር ላለ ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ወዲያ በጆሮ ነው።

በጣም ካቀረባችሁት ምን ይሆናል? ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል። በላይኛው ፍሬቶች ላይ ስትጫወቱ ድምፁ ይወላገዳል፣ የተቃኘው ጊታር ያልተቃኘ ይመስላል፣ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። ስሙት፤ ይህ በጣም ተጠግቶ ነው።

(ጊታር፦ ወፍራሙ ክር በ12ኛው ፍሬት ላይ፣ ድምፁ ሲወላገድ)

ሁለቱን ብሎኖች ጥቂት ዙር ዝቅ አድርጌያቸዋለሁ።

(ጊታር፦ ያው ክር)

ምንም አልተገዛም። ብዙዎች «ሾለብኝ፣ ሻከረብኝ» የሚሉት ድምፅ ፒክአፑን አንድ ሚሊሜትር ዝቅ በማድረግ ይስተካከላል። ክሩም አርጅቶ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ቀይሩ፤ በዛገ ክር ላይ ስለ ፒክአፕ መፍረድ ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጩኸቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘብ የሚያወጣው በዚህ ጉዳይ ነው። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ይህ ኃይል በግድግዳው ሽቦ፣ በአምፖሉ፣ በቴሌቪዥኑና በአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ዙሪያ አለ፤ ጊታራችንም ይቀበለዋል። የሚቀበልበት መንገድ ግን ሁለት ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

አምፕሊፋየሩን አብሩ፣ ቮሊዩሙን ክፈቱ፣ ጊታሩን ሳትጫወቱ ያዙት። አሁን እጃችሁን ከክሮቹ ላይ አንሱ፤ መልሳችሁ ንኩ። ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ የሚቀንስ ከሆነ፣ ችግሩ በጊታሩ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች በአካባቢው ካለው የኤሌክትሪክ ኃይል አለመጋረዳቸው ነው። አዲስ ፒክአፕ ይህን አይፈታውም። የሚፈታው የጊታሩን ውስጠኛ ጉድጓድና የፒክጋርዱን ጀርባ በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኖ ፎይሉን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ነው።

ክሩን ብትነኩም ባትነኩም ጩኸቱ ያው ከሆነ፣ ጊታሩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ በቦታችሁ ዙሩ። በአንድ አቅጣጫ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ካለ፣ ይህ የማግኔት ጩኸት ነው፤ ጥቅሉ ራሱ ነው የሚቀበለው። ይህን ፎይል አያቆመውም። እዚህ ላይ ነው ሀምበከር የሚባለው ፒክአፕ የሚያስፈልገው። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 የሠራው ነው። ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ የአንዱን ማግኔት ዋልታ ከሌላው ተቃራኒ አደረገ፤ ሁለቱንም ጥቅሎች በተቃራኒ አያያዝ አገናኛቸው። ከውጭ የሚመጣው ጩኸት ሁለቱ ውስጥ እኩል ገብቶ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን ማግኔቶቹም ተቃራኒ ስለሆኑ ይደመራል። ፒክአፑ በ1957 ጊታሮች ላይ መገጠም ጀመረ፤ የፈጠራ መብቱ ግን የጸደቀው በ1959 ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ የሚጨምር። ያኔ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠው ተበይደው እንደሆነ ተመልከቱ። ሌላም ልንገራችሁ፤ ክሩን ይዛችሁ ማይክራፎን ስትነኩ ነዝሮ የሚይዛችሁ ከሆነ፣ ይህ የድምፅ ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሶኬቱ ግራውንድ የለም ወይም ተቆርጧል። ጨዋታውን አቁማችሁ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ሦስተኛ እግር ቆርጦ መጣል የሚባለውንም ዘዴ ማንም ቢመክራችሁ እንዳትሰሙ።

(አጭር የጊታር ዜማ)

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ድምፁ የምትፈልጉት ካልሆነ፣ እንግዲህ ፒክአፕ እንምረጥ።

የርካሽ ጊታር ፒክአፕ ገልብጣችሁ ብታዩት፣ ስድስቱ ምሰሶዎች ራሳቸው ማግኔት አለመሆናቸውን ታያላችሁ። ተራ ብረት ናቸው። ከሥራቸው ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ እንደ ድንጋይ ያለ ሴራሚክ ማግኔት በሙጫ ተለጥፏል። በጥንቱ ዓይነት የስትራቶካስተር ፒክአፕ ግን ምሰሶዎቹ ራሳቸው ማግኔት ናቸው፤ የሚሠሩትም አልኒኮ ከሚባለው የአሉሚኒየም፣ የኒኬል፣ የኮባልትና የብረት ቅይጥ ነው። በዚያ ዙሪያ 0.06 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ወደ 8,000 ጊዜ ገደማ ይጠቀለላል። ልዩነቱን ማንም ጊታሩን ከፍቶ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ቀጭን ካቻቢቴ ወደ ምሰሶው ስታስጠጉም ሁለቱም ይስባሉና በመሳቡ ብቻ አትለዩት፤ ገልብጡት።

ይህን ስል ሴራሚክ መጥፎ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ላሪ ዲማርዚዮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ሱፐር ዲስቶርሽን የሚባለው ዝነኛ ፒክአፕ በሴራሚክ ማግኔት ነው የሚሠራው። ማግኔቱ ለምን እንደተመረጠ ነው ቁም ነገሩ። አልኒኮ 2 የሚባለው ረጋ ያለ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል። አልኒኮ 5 ጠንከር ይላል፤ የቀጭኑን ክር ድምፅ ይበልጥ ያጎላል። ሴራሚክ ደግሞ ጠበቅ ያለና ኃይለኛ ነው፤ አምፕሊፋየሩን ገፍቶ ድምፁን ማሻከር ለሚወድ የሮክ ተጫዋች ይስማማዋል።

ለኛ ሙዚቃ የሚሆነውስ? ይህን ጥያቄ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁኛል፤ የራሴን አስተያየት እነግራችኋለሁ። በሮሃ ባንድ ዘመን የሰላም ስዩም ጊታር ከዘፋኙ ጋር ሲመላለስ የሰማ ሰው፣ ጊታሩ እያንዳንዱን ኖታ ለይቶ እንደሚናገር ያውቃል። ባቲም ሆነ አንቺሆዬ ስንጫወት በአምስቱ ድምፆች መካከል የምናደርጋቸው ሽርተታዎችና ጌጦች ናቸው ዜማውን የኛ የሚያደርጉት። ብዙ ዙር የተጠቀለለ ኃይለኛ ፒክአፕ እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች ይውጣቸዋል፤ ቀስ ብሎ የተመታውንና ጠንክሮ የተመታውን ያመሳስላቸዋል። ስለዚህ በጠራ ድምፅ ለሚጫወት ሰው መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ ኃይል ያለው ፒክአፕ እመርጥለታለሁ። ኃይል የጎደለው ከመሰለው አምፕሊፋየሩ ላይ ይጨምር፤ የተዋጠ ጌጥ ግን አምፕሊፋየር ላይ አይገኝም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቁጥር ልምጣ። የፒክአፕ ሻጮች ሬዚስታንሱን በኪሎ ኦም ይጽፋሉ። የስትራቶካስተር ዓይነት ከ5.5 እስከ 6.5፣ የድሮው ዓይነት ሀምበከር ከ7 እስከ 9፣ ኃይለኛ የሚባሉት ከ12 በላይ ይደርሳሉ። ገዢው «ቁጥሩ የበዛው ኃይለኛ ነው» ብሎ ይወስናል። ሬዚስታንስ ግን የሚነግረን ኤሌክትሪኩ በሽቦው ለማለፍ ምን ያህል እንደሚቸገር ነው። ሽቦው ቀጠን ካለ ዙሩ ሳይጨምር ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ስለ ማግኔቱ ብርታት ደግሞ ምንም አይነግረንም። ሁለት ፒክአፖች 8 ኪሎ ኦም ሆነው ድምፃቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚጠቅመው በአንድ ዓይነት ሽቦና ማግኔት የተሠሩ ሁለት ፒክአፖችን ለማወዳደር፣ ወይም ፒክአፑ ተበጥሶ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ከሱ የተሻለ የሚናገረው በሄንሪ የሚለካው ኢንዳክታንስ ነው። እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ሙከራችን እንመለስ። እያንዳንዱ ፒክአፕ ከገመዱ ጋር ሆኖ፣ እንደ ኢንዳክታንሱና እንደ ገመዱ ካፓሲታንስ፣ አንድ ጎላ የሚልበት ቦታ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ እየሞተ ይሄዳል። የተለመደ የጊታር ገመድ በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው። 2.5 ሄንሪ የሆነ ሲንግል ኮይል ከ3 ሜትር ገመድ ጋር ሲሆን ያ ቦታ በ5,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከ10 ሜትር ገመድ ጋር ሲሆን ወደ 3,000 ገደማ ይወርዳል። የሰማችሁት መደብዘዝ ይህ ነው። ጊታራችሁ ሾሎ ካስቸገራችሁ ረዘም ያለ ገመድ፣ ከታፈነባችሁ አጠር ያለ ገመድ መሞከር ፒክአፕ ከመግዛት ይቀድማል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሚሊሜትር ለኩ። ከመጀመሪያው ምሰሶ መሃል እስከ ስድስተኛው ምሰሶ መሃል ያለው ርቀት በጊብሰን ዓይነት ሀምበከር 50 ሚሊሜትር ገደማ፣ በፌንደር ዓይነት ብሪጅ 52 ወይም 53 ነው። ከእስያ የሚመጡ ጊታሮች ደግሞ የተለያዩ ናቸው፤ ክሮቹ ከምሰሶዎቹ በላይ ካልዋሉ ዳርና ዳር ያሉት ይደክማሉ። የጉድጓዱንም ጥልቀት እዩ። ባለ ሲንግል ኮይል ጊታር ኖሯችሁ ጩኸቱን ብቻ ማስወገድ ከፈለጋችሁ፣ እንጨት ሳትፈለፍሉ በዚያው ቀዳዳ የሚገባ፣ ሁለት ጥቅል ተደራርቦ የተሠራበት ፒክአፕ አለ። ኤሌክትሪክ በሚጮህበት አዳራሽ ለሚጫወት ሰው ብልህ ምርጫ ይመስለኛል። ኢኤምጂ ከሚሠራቸው ዓይነት ባለ ባትሪ ፒክአፖች ከመረጣችሁ ደግሞ የ9 ቮልት ባትሪ የሚቀመጥበት ቦታና 25 ኪሎ ኦም ፖት ያስፈልጋል። ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

(አጭር የጊታር ዜማ)

አሁን ሽቦው። ጊታሩን ክፈቱ፤ ምንም ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የእያንዳንዱ ሽቦ ቀለም የት እንደተበየደ በግልጽ ይታይ።

መጀመሪያ የምታዩት ፖቶቹን ነው፤ ቮሊዩምና ቶን የምንላቸው ቁልፎች የሚያዞሯቸው ክብ ዕቃዎች። ጀርባቸው ላይ ወይም ጎናቸው ላይ የታተመውን አንብቡ። «ኤ 250 ኪሎ» ወይም «ቢ 500 ኪሎ» የሚል ዓይነት ነገር ይገኛል። ቁጥሩ ሬዚስታንሱ ነው። 250 ኪሎ ኦም ከቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ ያፈሳል፤ ድምፁን ያለሰልሳል። 500 ኪሎ ኦም ያን ያህል ስለማያፈስ ብሩህ ያደርገዋል። በልማድ ለሲንግል ኮይል 250፣ ለሀምበከር 500 ነው። ሀምበከር ገጥማችሁ 250ውን ፖት ሳትቀይሩ ከተዋችሁት ድምፁ ይታፈናል፤ ከዚያም «ፒክአፑ አልጣመኝም» ትላላችሁ። ፖቱ ነው ያፈነው። የታተመውም ሁልጊዜ አይታመንም፤ 500 የተባለ ፖት እስከ 20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል በቴስተር ለኩት። ፊደሉ ደግሞ አዟዟሩን ይናገራል። «ኤ» ለጆሮ የተመቸ፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር ነው፤ «ቢ» በእኩል ይጨምራል፤ ለቮሊዩም ብዙ ጊዜ «ኤ» ይሻላል። የዘንጉን ውፍረትና የቀዳዳውን ስፋት አይታችሁ ግዙ። የአሜሪካው ፖት 9.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ የእስያው ትንሽ ፖት በጠበበ ቀዳዳ ይገባል።

ቶን ላይ የተበየደችው ትንሽ ዕቃ ካፓሲተር ናት። ቶኑን ስትዘጉ ቀጭኑ ድምፅ በእሷ በኩል ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ላይዋ ላይ «473» ካለ 0.047 ማይክሮፋራድ፣ «223» ካለ 0.022 ማለት ነው። የመጀመሪያው ለሲንግል ኮይል፣ ሁለተኛው ለሀምበከር የተለመደ ነው። ቶኑን ስትዘጉ ጊታሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ያህል ከታፈነባችሁ ወደ 0.022 ውረዱ። ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ዘንድ ይገኛል፤ ዋጋውም ከምሳ አይበልጥም። በስም ውድ ለሆነ ካፓሲተር ብዙ መክፈል አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ፤ ልኩ እኩል ከሆነ ጆሮ የሚለየው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ቮሊዩሙን ስትቀንሱ ድምፁ እየደበዘዘ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ በቮሊዩሙ መግቢያና መውጫ እግሮች መካከል 0.001 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በይዱ። ቮሊዩሙን እየቀነሳችሁም ቀጭኑ ድምፅ አይጠፋም። ከዘፋኝ ጀርባ ዝቅ አድርጎ ለሚያጅብ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ርካሽ ማሻሻያ አላውቅም።

ስለ ፒክአፕ መምረጫው አንድ ነገር። ስትራቶካስተር በ1954 ሲወጣ መምረጫው ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች ግን ማንሻውን በሁለት ቦታዎች መካከል አቁመው ሁለት ፒክአፕ በአንድ ላይ የሚሰማበትን ድምፅ አገኙ፤ ፌንደርም በ1977 ባለ አምስት ቦታ መምረጫ ማስገባት ጀመረ። ሦስት ፒክአፕ አብራችሁ ስትገዙ መካከለኛው በማግኔትም በጥቅልም የተገለበጠ መሆኑን ጠይቁ። ከሆነ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ላይ እም... የሚለው ጩኸት ይጠፋል።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ ላይ ደርሰናል። ሀምበከሮች አብዛኛውን ጊዜ አራት ባለ ቀለም ሽቦና አንድ ልብስ የሌለው ሽቦ አላቸው፤ የቀለሙ ትርጉም ግን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። በሲሞር ዳንከን ጥቁሩ የድምፁ መውጫ ነው፤ ነጩና ቀዩ እርስ በርስ ይበየዳሉ፤ አረንጓዴውና ልብስ የሌለው ወደ ግራውንድ ይሄዳሉ። በዲማርዚዮ ግን የድምፁ መውጫ ቀዩ ነው፤ ጥቁሩና ነጩ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አረንጓዴው እዚያም ግራውንድ ነው። የአንዱን ሥዕል ይዛችሁ የሌላውን ብትበይዱ ምን ይሆናል? ድምፅ ይወጣል፤ ስለዚህ ትክክል የሠራችሁ ይመስላችኋል። ግን አንዱ ጥቅል ተገልብጧልና ሁለቱ እርስ በርስ ይቃረናሉ። ባሱ ይጠፋል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ጩኸቱም ይብሳል። በሀምበከር ላይ ይህ ሲገጥማችሁ ፒክአፑን ከመውቀስ በፊት ቀለሞቹን መልሳችሁ እዩ።

ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ፒክአፕ የምትገጥሙ ከሆነም ከመበየዳችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ቴስተሩን ወደ ኦም መለኪያ አዙሩ፤ ቀዩን ጫፍ በድምፁ ሽቦ፣ ጥቁሩን በግራውንዱ ላይ አድርጉ። አሁን በብረት ካቻቢቴ ምሰሶዎቹን ነካ አድርጉ። በነካችሁበት ቅጽበት ቁጥሩ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ይላል፤ ስታነሱት ደግሞ በተቃራኒው። በሁለተኛው ፒክአፕ ላይም ያንኑ ድገሙ። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ አብረው ይሰማሉ። በተቃራኒ ከሄዱ የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች አለዋውጡ። ነገር ግን ፒክአፑ የብረት ክዳን ካለውና ክዳኑ ከግራውንዱ ጋር ከተያያዘ፣ መጀመሪያ ያንን መለየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክዳኑ የድምፅ ሽቦ ሆኖ በተነካ ቁጥር ይጮኻል።

ለብየዳው 40 ዋት ያህል ካውያ ይበቃል። በፖቱ ጀርባ ላይ ግራውንድ ስትበይዱ ብረቱ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ይበላል፤ መጀመሪያ ቦታውን በአሸዋ ወረቀት ፋቅ አድርጉ፣ ከዚያ ካውያውን አሳርፋችሁ ሶልደሩ እንደ ውሃ ሲፈስ ቶሎ አንሱ። ደብዛዛና እብጠት የመሰለ ብየዳ አልያዘም ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያጋላችሁት ፖት ውስጡ ይቃጠላል። መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱን አትማጉት፤ ሶልደሩ እርሳስ ካለበት ከሥራው በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ክሮቹን ከመመለሳችሁ በፊት ገመዱን ሰክታችሁ አምፕሊፋየሩን ዝቅ ባለ ድምፅ አብሩ። በካቻቢቴ ጫፍ እያንዳንዱን ፒክአፕ መታ መታ አድርጉ።

(ድምፅ፦ ካቻቢቴ ምሰሶ ላይ ሲመታ፣ «ጠብ... ጠብ...»)

መምረጫውን በየቦታው እያዞራችሁ የትኛው እንደሚናገር ስሙ። ቮሊዩሙን አዙሩ፣ ቶኑን አዙሩ። ሁሉም ከሠራ ዝጉት፣ ክሩን መልሱ፣ ከፍታውን ቅድም እንዳልነው በሚሊሜትር ለኩ፤ አዲሱ ፒክአፕ ከአሮጌው ጋር በአንድ ከፍታ ላይ እንዲቀመጥ መጠበቅ አይቻልምና። የብሪጁና የአንገቱ ድምፅ እኩል እስኪሆን በየተራ እያጫወታችሁ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጉ። ክሩ በብሪጁ አጠገብ የሚርገበገበው ጥቂት ስለሆነ የብሪጁ ፒክአፕ ጠጋ ማለት ይኖርበታል።

የወጣውንም ፒክአፕ አትጣሉት። ሽቦውን አታሳጥሩ፣ ብሎኖቹን ከነሞላዎቹ በፌስታል አብራችሁ እሰሩ፣ ከየትኛው ጊታርና ከየትኛው ቦታ እንደወጣ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ጊታሩን የምትሸጡ ቀን ገዢው የመጀመሪያውን ሊጠይቅ ይችላል፤ አዲሱን ደግሞ ነቅላችሁ ወደ ሌላ ጊታር ማዛወር ትችላላችሁ።